አከራዬ የቀመሱት የኬክ ቢራ

ሚዛን ተፈሪ አስተማሪ ሆኜ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት የተከራየሁት ክፍል ጠላ ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ የጎጃም ሴት ናቸው። ጠላቸውን የቢሮ ሠራተኛውም፣ ቡና ነጋዴውም፣ ከሸኮ ለገበያ የመጣው ገበሬም ይጠጣዋል። መጀመሪያ ጫጫታውን ፈርቼ ነበር። በኋላ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ የብቅሉ ሽታ በሩ ላይ ሲቀበለኝ ደስ ይለኝ ጀመር።

ቴፒ ተወልዶ ያደገ፣ ሚዛን ባለው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ለሥልጠና አውሮፓ ሦስት ወር ቆይቶ ሲመለስ አንድ ጠርሙስ ቢራ ይዞልኝ መጣ። እንዳይሰበርበት በሁለት ካልሲ ጠቅልሎ ሻንጣው መሀል ቀብሮታል። የአንዲት ትንሽ መጥመቂያ ቤት ሥራ እንደሆነና የቸኮሌት ኬክ እንዲመስል ተብሎ እንደተጠመቀ ሲነግረኝ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር።

ቀኑ እሁድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ስለጠነከረ ጠላ ቤቱ ሰው የለበትም። አከራዬ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ጌሾ ይለቅማሉ። እሳቸውን ትተን መጠጣቱ ነውር መሰለንና ጠርሙሱን እፊታቸው ከፍተን በሦስት መለኪያ ቀዳን። ጥቁር ነው፤ አረፋው እንኳ ቡናማ ነበር።

ስጎነጨው መጀመሪያ መረረኝ። ምላሴ ላይ ትንሽ ሲቆይ ግን ጣፈጠ። ኮሌጅ የተመረቅኩ ቀን እኅቴ ጅማ ኬክ ቤት ወስዳ የጋበዘችኝ ጥቁር ኬክ ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን አዲሱን ሸሚዜን በክሬም አበላሽቼው ነበር። ያንኑ ኬክ አሁን በመለኪያ እየጠጣሁት ነው። ሳቄ መጣ።

አከራዬ አልሳቁም። አሸተቱት፣ ትንሽ ተጎነጩ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አፋቸው ውስጥ አቆዩት።

«አሻሮው አርሯል፤» አሉ። «ተዘናግተው አይደለም፣ ሆን ብለው ነው ያሳረሩት። ቡናም አለበት። ደግሞ አንድ የማላውቀው ነገር አለ፤ እንደ አበባ የሚሸት።»

አሻሮ የሚሉት ለጠላ የሚቆላውን እህል ነው። ወዳጄ ጠርሙሱን አዙሮ ጽሑፉን አነበበ። የተቆላ ገብስ፣ ቡና፣ ካካዎ፣ ቫኒላ ይላል። በመገረም ራሱን ነቀነቀ። ያላወቁት ነገር ቫኒላ መሆኑን፣ እሱም እዚሁ ቅርብ፣ ቴፒ አጎቱ ማሳ ላይ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ እንደሚበቅል ነገራቸው። እዚህ አገር ከሃያ ዓመት በላይ ኖረው ይህን አለመስማታቸው ትንሽ አናደዳቸው።

«እንግዲያው አምጣልኝ፤» አሉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደርቆ የጠቆረ፣ እንደ ፎሶሊያ የረዘመ ቫኒላ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላቸው። አከራዬም ለሙከራ ትንሽ እንስራ ለይተው ጠነሰሱ። የመጀመሪያው ተበላሸ። የተቆላ ቡና አብዝተውበት ነበርና የቀመስነው ሁሉ ፊታችንን አጨፈገግን። ከደንበኞቻቸው አንዱ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ መድኃኒት ከሆነ ሐኪም ቤት ይሰጥ አሏቸው። አከራዬ እንስራውን ወስደው ጓሮ ደፉት።

ለሁለተኛው ቡናውን ተዉት። ገብሱን አሳርረው ቆሉ፣ ጌሾውን ቀነሱ፣ ከማሻ የመጣ የጫካ ማር ጨመሩበት፣ ቫኒላውን ሰንጥቀው መጨረሻ ላይ ከተቱት። በስምንተኛው ቀን ጠርተው አቀመሱኝ። የአውሮፓውን ቢራ አይመስልም። ቀለል ያለ ነው፤ ማሩ ቀድሞ ይመጣና ያረረው ገብስ ይከተለዋል፣ ከተዋጠ በኋላ የቫኒላው ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። እኔ ከጠርሙሱ አስበልጬ ወደድኩት። ሌላ ቅዱልኝ ስላቸው ፈገግ ብለው ሞሉልኝ። ጡረተኛው አስተማሪ በበኩላቸው አንድ ጣሳ ጨርሰው ጣሳውን መልሰው ዘረጉ።

የአጥር ጎረቤታችን ግን ሊቀምሱት አልቻሉም። የቤንች ተወላጅና የፕሮቴስታንት አማኝ ስለሆኑ አልኮል አይነኩም። ሽታው በአጥሩ እያለፈ ሲያስጎመጃቸው አንድ ጠዋት መጥተው፣ «እትዬ፣ እኛስ ምን በደልን?» አሏቸው። አከራዬ ይህን ጥያቄ ቀልድ ብለው አላለፉትም። በዚያው ሳምንት ቀሪቦ፣ ማለትም ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚሠራውን የማያሰክር መጠጥ፣ በቫኒላ ሠርተው በጆግ ላኩላቸው።

ከዚያ በኋላ የቫኒላው ጠላ ለገናና ለፋሲካ ብቻ የሚጠመቅ ሆነ፤ የሰፈሩን ስም ያስጠራው ቀሪቦው ነው። የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ አከራዬ በአራት በርሜል ሠሩላቸው። ወዳጄና እኔ የሸሚዛችንን እጅጌ ሰብስበን ገብስ ስንቆላ ዋልን፤ ባሳረርንና ባላሳረርን ቁጥር ተቆጡን። በሠርጉ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ መዝሙሩ እየተዘመረ አስተናጋጆቹ ብርጭቆ አልበቃ ብሏቸው ይሯሯጡ ነበር። አከራዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከሙሽራዋ እናት ጎን ተቀምጠዋል። እንዴት ነው ብዬ በዐይኔ ስጠይቃቸው ወንበር ሳቡልኝና፣ «ተቀመጥ፣ ዛሬስ ሌላ ሰው ይቅዳልን፤» አሉኝ።