ከጅዳ የመጣው ኮምፒውተር

ሚሌኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ የኮምፒውተር ጽሑፍ የምሠራባት ትንሽ ሱቅ የከፈትኩበት የመጀመሪያው ቀን ስለነበር አልረሳውም። ደግሞም እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ኮምፒውተሩን የላከችልኝ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት። «ይኸው፣ እዚያው ሠርተሽ ብዪ፤ አንቺ እንዳትመጪ» ብላ ነበር የላከችው። እናቴ ግን ሱቋ አላማረቻትም። ሥራው ካልያዘልኝ እኔም እንድሄድ ደላላውን አነጋግራ ጨርሳለች።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ መምህር ደሳለኝ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው በማግስቱ የሚፈተኑትን ፈተና በእጅ ጽፈው አመጡልኝ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ደሴ ኮርስ ስወስድ የማውቀው ነገር ሁሉ ቦታውን ለቋል። በግራ የነበረው በቀኝ ሆኗል፤ ጽሑፉ ሁሉ ዐረብኛ ነው። አማርኛ ልጽፍ ፊደሉን ስጫን የሚወጣው ዐረብኛ፣ እሱም ከቀኝ ወደ ግራ እየሸሸ።

በግምት ስነካካው ጭራሽ አበላሸሁት። መምህሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ። «እስቲ አጥፍተሽ አብሪው» ይላሉ። አጠፋዋለሁ፣ አበራዋለሁ፣ ያው ነው። «ቫይረስ ይሆናል» ይላሉ ደግሞ። ምናለ ዝም ቢሉልኝ! በዚህ መሀል መብራት ሄደ። መጣ። እንደገና ሄደ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። መብራቱ ሲመለስ ጎረቤታችንን ዘሃራን ጠራኋት። ዘሃራ ሪያድ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ዐረብኛ እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። መጥታ አየችውና «እኔ እኮ ማንበብ አልችልም» አለችኝ።

«ያን ያህል ዘመን ኖረሽ?»

«ከኩሽና ማን አውጥቶ ያስተምረኛል፣ እቴ!»

የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ወደሚያቀሩት ወደ ሸህ ይማም ሮጥኩ። እሳቸው ደግሞ መጥተው ፊደሉን አነበቡት፤ የቃሉን ትርጉም ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው «የኛ ኪታብ ላይ የለም» ሆነ። አንዷ ትሰማለች አታነብም፤ አንዱ ያነባሉ አይገባቸውም። መጮህ አማረኝ።

በመጨረሻ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሸህ ያነባሉ፣ ዘሃራ ትተረጉማለች፣ እኔ እጫናለሁ። እሱም ወዲያው አልሆነም። ዱዓ ሳይደረግ አይጀመርም ተባለ። ቀጥሎ መነጽር ተፈለገ። ከዚያ ሸህ ልጆቹን እንደሚያቀሩ እያዜሙ ማንበብ ጀመሩ።

«ሸህ፣ ዜማውን ይተዉልኝማ፣ ቃሉ አልያዝ አለኝ» አለች ዘሃራ።

«አብሽሩ፣ ምን ያጣድፋችኋል!» አሉ ሸህ። መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ።

ቃል በቃል ሄድን። ሸህ ገና አንብበው ሳይጨርሱ ዘሃራ «ክፈት… ዝጋ… ጠብቅ… ተመለስ… አጥፋ…» ትላለች። አንድ ቦታ ላይ «ሉጋ» ሲሉ «ቋንቋ! እሱን ተጫኚው!» ብላ ጮኸች። ተጫንኩት። እንግሊዝኛውንም እነሱው ፈልገው አገኙልኝ። አጥፍቼ ሳበራው ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል። አማርኛውም እሺ ብሎ ተጻፈ፤ ፈተናው ደረሰ።

ሸህና መምህሩ ሲሄዱ «ማንበብ ሳትችዪ የኮምፒውተሩን ቃል እንዲህ ቶሎ ቶሎ ከየት አወቅሽው?» አልኳት ዘሃራን።

«የምን ኮምፒውተር! ማዳሜ ናታ። ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ጠብቂ፣ ተመለሺ፣ አጥፊ። ወላሂ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከዚህ ሌላ ያናገረችኝ የለም» አለችና ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ቀኑን ሙሉ የተናደድኩት ጠፍቶ ሌላ ንዴት ያዘኝ። እናቴም ሰምታለች። የደላላውን ነገር ከዚያ ወዲያ አንስታ አታውቅም።

ዓርብ እህቴ ደወለች። «ሠራ?» አለችኝ። «ሠራ» አልኳት። አንቺንስ ምን እያሉ ነው የሚያናግሩሽ ብዬ ልጠይቃት ስል፣ ከበስተጀርባዋ የሴት ጩኸት ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

ዛሬ ሥራው ሰፍቶልኛል፣ ኮምፒውተሩም ተቀይሯል። እህቴ አሁንም እዚያው ናት። ስትደውል ስለ ሱቁ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ግን ያን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።