እትዬ መስመርና ቀይዋ መብራት

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሰፈሩ «እትዬ መስመር» ይላቸዋል። በዚያ ዘመን ስልክ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነበር። «መስመር ተይዟል፣ ይጠብቁ» ይሉታል፣ ይጠብቃል። ከባለቤታቸውም ጋር የተዋወቁት በዚሁ ነው። ጋሼ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ፤ በቀን አሥር ጊዜ ይደውላሉ፣ አሥር ጊዜ ይጠብቃሉ። ከፈለግሁት ሰው ጋር አንድ ቀን እንኳ ቶሎ አላገናኘችኝም፣ በመጨረሻ ከራሷ ጋር ተገናኘሁ እያሉ ሲቀልዱ ስንቴ ሰምቻለሁ።

አሁን አይቀልዱም። ከሰባት ወር በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ እጃቸውን አደከመው፣ አንደበታቸውን ያዘው። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለ። ያን ተጫዋች ሰው እንዲያ ሆኖ ማየት አንጀት ይበላል። ተስፋቸው አንዲት የንግግር ሐኪም ናት። ያለችው ሌላ ከተማ ስለሆነ ማክሰኞና ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኮምፒውተር እየተያዩ ታስተምራቸዋለች። ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ብዙ ነው፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቀረ ሰው ቦታውን ለሌላ ይለቃል።

ታዲያ ሁለቱ ቀርተዋል። ኢንተርኔቱ ጠዋት ደህና ይሆንና ልክ ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ይሞታል። ራውተሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ቀይ ትሆናለች፣ ሐኪሟ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ትቀራለች፣ አለቀ። ማክሰኞ ዕለት የእኔን ስልክ ዳታ ከፍተን ሞከርን፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ጭራሽ ጋሼን አደናገራቸው።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ በዚያ ሳምንት አውቶቡሴ ጋራዥ ገብቶ ቤት ነበርኩ። ቀይ መብራት ፊት መቆም ሥራዬ ቢሆንም ወድጄ ቆሜ አላውቅም። ራውተሩን አውጥተው ይጣሉትና አዲስ ይግዙ አልኳቸው። እትዬ መስመር ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ምኑ እንደተበላሸ ሳታውቅ ምኑን ትጥላለህ?»

ረቡዕ ጠዋት ወደ ኢንተርኔት ድርጅቱ ደወሉ። ጋሼ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ፊታቸው ተቀምጧል። የተቀዳች ሴት፣ ሠራተኞቻችን በሙሉ ሥራ ላይ ናቸው፣ እባክዎ ይጠብቁ ትላለች። ሙዚቃ ይመጣል፤ ደግማ ያንኑ ትላለች። አርባ ደቂቃ! የእኔ ደም ፈላ። እትዬ መስመር ግን ፍንክች አላሉም፤ የተቆጡት በሌላ ነገር ነው። ልጅቷ ቃሉን ትውጠዋለች አሉ። እሷ ይጠብቁ ባለች ቁጥር እሳቸው ረጋ ብለው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየረገጡ ያርሟታል፤ «ይ-ጠ-ብ-ቁ።» የጋሼ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁና የሚራገሙ መሰለኝ። አልፈረድኩባቸውም።

በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ተገኘ። አጥፍተው ሠላሳ ይቁጠሩና ያብሩት አላቸው፤ አደረጉ። መብራቱ ምን ዓይነት ነው አላቸው። አረንጓዴ ነበር። እንግዲያው ይሠራል አለ፤ ያን ሰዓትማ ይሠራል። ቴክኒሻን መላክ የሚቻለው ሰኞ ነው ተባለ። ትምህርቱ ዓርብ ነው።

ስልኩን ዘግተው ደብተር አወጡ። ማዞሪያ ቤት ሳሉ መስመር ሲበላሽ ከሁሉ በፊት የሚጻፈው ሰዓቱ ነበር። ወንበራቸውን ራውተሩ ፊት አድርገው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተቀመጡ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጋሼ የቀን እንቅልፋቸውን እንደተኙ፣ መብራቷ ቀይ ሆነች። ራውተሩን ከስልክ መስመሩ የምታገናኘውን አጭር ገመድ ቀየሩ፤ ቀይ ናት። ኢንተርኔቱ ከተቆረጠብኝ ወዲህ ቤቴ ቦዝኖ የተቀመጠውን ራውተር አስመጥተው ሰኩ፤ እሱም ቀይ አበራ። «እንግዲህ ሁለቱም ራውተሮች ነጻ ወጥተዋል» አሉና ጻፉ። ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ ማንም ሳይነካት፣ አረንጓዴ ሆነች። ድርጅቱ ጋ እንደገና ደወሉ፤ ያቺ ሴት እንደገና አስጠበቀች፣ እሳቸውም እንደገና አረሟት። እስከ ማታ ድረስ አራት ጊዜ ደወሉ። ግድግዳው ቀጭን ነውና እኔም ከነዜማው ሸመደድኩት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ራውተሬን ልወስድ ገባሁ። ጋሼን ላጫውት ብዬ ስለ ተሳፋሪዎቼ መለፍለፍ ጀመርኩ፤ በዓይናቸው ይስቃሉ። ወሬ ወሬን እየሳበው የመኝታ ሰዓታቸው አለፈ። እትዬ መስመር አንዴ ሰዓቱን አንዴ ራውተሩን ያያሉ። ስምንት ሰዓት አለፈ፤ አረንጓዴ ናት። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ጋሼን ደግፌ አልጋቸው ላይ አስተኛኋቸው። ብርድ ልብሱን ሳልስብላቸው ቀይ ሆነች።

እትዬ መስመር ብድግ አሉ። «ተነስ» አሏቸው።

ጋሼ ግራ እየገባቸው ተነሱ። ሁለት ደቂቃ ቆይታ አረንጓዴ ሆነች። ተኛ አሏቸው፤ ቀይ። ተነስ፤ አረንጓዴ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዟቸው ጋሼ አስጥለኝ በሚል ዓይን አዩኝ፤ እኔ ደግሞ ከሰው ሚስት ጋር የምጣላ ሰው አይደለሁም።

አልጋውን ሳብነው። ኢንተርኔቱ የሚመጣበት የስልክ ሽቦ በግድግዳው ሥር አልፎ ከአንዱ የአልጋ እግር በታች ተጨፍልቋል። ያን ጊዜ ጆሮዬ ጋለ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ትምህርቱ ሲያልቅ ሐኪሟ የጋሼ አፍ በደንብ ይታየኝ ብላ ስለነበር፣ አልጋውን ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ የገፋሁት እኔ ነኝ። ጋሼ የሚማሩት በትራስ ተደግፈው አልጋው ላይ ነው። ሊማሩ ሲቀመጡ በገዛ ክብደታቸው ትምህርታቸውን ይቆርጡታል ማለት ነው። መሬት ብትከፈት በገባሁ።

አልተቆጡኝም፤ ባትሪ አብራልኝ ብቻ አሉ። ሽቦውን ከራውተሩ ነቅለው፣ የተጎዳውን ቆርጠው ጣሉና በሽንኩርት ቢላ ልጠው ሁለቱን ቀጫጭን መዳቦች ከየጓደኛቸው ጋር ጠመዘዙ፤ ለየብቻ በናስትሮ ጠቀለሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሥራውን ግን እጃቸው አልረሳውም። አልጋውን ሁለት ስንዝር አራቅነው። ከዚያ ዘጠና ኪሎዬን ይዤ አልጋው ላይ እንድቀመጥ፣ ቀጥሎም እንድዘል ታዘዝኩ። ዘለልኩ። መብራቷ አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የሐኪሟ ፊት ጥርት ብሎ መጣ። ደስ አላላትም ነበር። እንደምን ሰነበታችሁ ካለች በኋላ ዓይኗን ሰበረች።

«ጋሼ፣ እንኳን ተገናኘን። ግን ቢሮዬ ቦታዎን ለሌላ በሽተኛ ስጪ እያለኝ ነው። መስመሩ አያስተማምንም፣ በሰባት ወር አንድ ቃል አልወጣም ይላሉ። ተራ የያዙ ብዙ ሰዎች አሉ።»

እትዬ መስመር ሊሟገቱ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ። ጋሼ ግን ደህነኛውን ግራ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። አንገታቸው ተገተረ፣ ፊታቸው ቀላ። እኔ አመማቸው ብዬ ልነሳ ስል ድምፅ ወጣ። «ይ» አሉ። ቆዩ። «ይጠ» አሉ። ቀጥለው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየረገጡ፣ ልክ ሚስታቸው እንደሚሉት፣

«ይጠብቁ።»

ሐኪሟ አፏን በእጇ ያዘች፤ ቆይታ ስታወርደው እየሳቀች ነበር።

«እሺ ጋሼ» አለች፣ «ይጠብቃሉ። ማክሰኞ አራት ሰዓት እንገናኛለን። አሁን እስቲ ይድገሙልኝ።»

ጋሼ ደገሙላት። እትዬ መስመር ደብተራቸውን ገልጠው ዓርብ፣ አራት ሰዓት ከሰባት፣ አረንጓዴ ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።