እኩል የገባሁበት ሩጫ

የተያዝኩት እየሮጥኩ ነው። ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ ሁለት ታጣቂዎች ከድልድይ ሥር ወጥተው አስቆሙኝ። ሸሚዜ በላብ ርሶ ነበር።

"ማን እያባረረህ ነው?" አለኝ አንደኛው።

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?"

"ልምምድ ነው። ለመቅደም።"

"ማንን?"

በዚያ ዘመን ከጋይንት እስከ ፎገራ በእግሩ የሚቀድመኝ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ነው ብዬም ነገርኳቸው። ተያይተው ሳቁና እጄን ወደ ኋላ አሰሩት።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ራሴን በራሴ። ሩጫም ያስተማረኝ የለም። ይህንንም የምጽፈው ማንም ሳያርምልኝ ነው።

ያስገቡኝ ደብረ ታቦር፣ ድሮ የእህል መጋዘን ወደነበረ ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የገብስ አቧራና የሽንት ሽታ አንድ ላይ ጉሮሮ ይይዛል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ምንም አልታየኝም።

"ልጄ፣ እግሬ ላይ ቆመሃል" አለኝ ከሥሬ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

እኒህ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ደቀ መዛሙርትህን ለምን በትነህ ለስብሰባ አልላክህም ተብለው የታሰሩ የቅኔ መምህር ናቸው። እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ።

ጥፋቴን በማግስቱ ከመርማሪው ሰማሁ። ወታደሮች በመኪና ወደ ጉና ወጥተው ኖሯል። የሚፈልጓቸው ሸማቂዎች ግን መኪናው ሳይደርስ ከመንደሩ ወጡ። መኪናው በጠመዝማዛው መንገድ ሲዞር አንድ ሰው በአቋራጭ ሮጦ ነግሯቸዋል። መርማሪው የሚፈልገው ያንን እግር ነው። ሲገኝም እንደሚረሸን ድምፁን ሳያነሣ፣ ወረቀቱን እያስተካከለ ነገረኝ። እኔ ደግሞ በየገበያው "መኪና አይቀድመኝም" ስል ያልሰማኝ ሰው አልነበረም። ውሸቴን አልነበረም። ያን ቀን የሮጥኩት ግን እኔ አይደለሁም።

ክፍሉ ለመሮጥ ቀርቶ እግር ለመዘርጋትም አይበቃም። እግሬ እንዳይሰንፍ ሠጋሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና መሪጌታ በማዕዘናቸው ይሰግዱ ነበር፤ ይቆማሉ፣ ይንበረከካሉ፣ ግንባራቸውን መሬት ያስነካሉ፣ ይነሣሉ። ለጉልበትና ለሳንባ ከዚህ የተሻለ ልምምድ እንደሌለ ወዲያው ገባኝ። ያኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለንግሥ ብቻ ነው፤ የማምነው በእግሬ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ጀመርኩ።

"መሪጌታ፣ ቀደምኩዎ" አልኳቸው።

"የት ልትደርስ?" አሉኝ።

እስረኛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"ስግደት ከማኅበር ጋር ነው፣ ልጄ። ሰው ሳይነሣ አትነሣ፤ ሰው ሲነሣም አትቅር። የስቅለት ዕለት ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲወርድና ሲነሣ አላየህም?"

"እኔ ቀድሜ ወርጄ ቀድሜ ብነሣስ?"

"እሱማ መገለባበጥ ነው።"

በ"እግዚኦ" መውረድ፣ በ"መሐረነ" መነሣት አስተማሩኝ። መጀመሪያ ቃሉን የያዝኩት ለትንፋሽ ነው፤ ሯጭ ትንፋሹን የሚያስርበት ነገር ይፈልጋል። እየቆየ ግን፣ ሳልሰግድም፣ ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ደረቴ ውስጥ ብቻውን ሲል ሰማሁት። ደነገጥኩ። ከዚያ ቀን በኋላ መርማሪው ዘንድ ስጠራ እሱን በልቤ እያልኩ እሄድ ጀመር።

"ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ ኑሮውን በሩጫ መስሎታል" አሉኝ አንድ ጠዋት።

"ታዲያ አሸነፈ?"

"ጨረሰ" አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛውን ተጠርጣሪ አመጡት። የጉና ገበሬ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ባና የደረበ። ሸማቂዎቹ የወጡበት መንደር የእሱ ነው። ውስጥ እግሩን ተገርፎ ስለነበር በተረከዙ ይራመዳል።

"ከመኪና የሚቀድመው አንተ ነህ አሉ" አለኝ።

"ነኝ።"

"እንግዲያው እዚህ ቤት ዝቅ አድርገህ ተናገረው።"

ቁስሉ ደርቆ መርገጥ ሲጀምር ሁለታችንን ከከተማው በታች ወዳለው ሜዳ አወጡን። መርማሪው ካፖርቱን ለብሶ ቆሟል። አንድ ዘበኛ ጠመንጃ አንግቶ፣ ጅራፍ ይዞ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። መርማሪው ከኮረብታው ማዶ ያለውን ጽድ አሳየን፤ ሄዶ መመለሱ ለእግረኛ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

"ከሁለታችሁ የቀደመው፣ መኪናውን የቀደመው እሱ ነው" አለ። "ወደ ኋላ የሚጎተተውን ደግሞ ፈረሰኛው ያውቅበታል።"

"ጓድ መርማሪ፣ ታዲያ የትኛው ይሻለናል?" አለ የጉናው ሰው።

"ሩጡ።"

ሮጥን። ሯጭ ሯጭን ያውቃል፤ የጉናው ሰው ገና ሲነሣ ተረከዙ መሬት አልነካም። ኮረብታው ሥር ስንደርስ ጥሎኝ ሄደ። እግሩ አመለጠው ብዬ ነበር። ዘወር ብሎ ሲያየኝ ግን ሆን ብሎ እንደሆነ ገባኝ፤ ጣጣውን ወደ ራሱ እየወሰደ ነው። እኔ የሚጠበቅብኝ ዝም ብሎ መቅረት ብቻ ነው። የጅራፍ ቁስል ይድናል። ፈረሱ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ የመጀመሪያው ጅራፍ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

"የት ልትደርስ?" ያሉኝ ቃል የመጣብኝ ያኔ ነው።

ዳገቱ ላይ ደረስኩበት። በጾም ሆዴ፣ በእስር የሰነበተ እግሬን ይዤ ያንን ሰው ዳገት ላይ መድረስ ከእኔ በቀር ማንም አይችለውም ነበር።

"ምን አመጣህ? ወደ ኋላ ቅር" አለኝ።

"መቅረት አላውቅበትም።"

"እንግዲያው እለፈኝ።"

"አላልፍህም።"

ግራ እግሬ ሲያርፍ "እግዚኦ" አልኩ። እሱም በቀኙ "መሐረነ" አለ። የስቅለት ዕለት ያልሰገደ የጉና ሰው የለምና ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከዚያ ወዲያ እግራችን አብሮ ወደቀ፣ አብሮ ተነሣ።

ጽዱን ዞረን ስንመለስ የእግሩ ቁስል ተከፈተ። አቧራው ላይ የረገጠበት ቦታ ይጠቁር ጀመር። ሲያነክስ እርምጃዬን አሳጠርኩ፤ ባዘገምን ቁጥር ጅራፉ ይመጣል። ፈረሱ በእኔ በኩል ስለነበር የበዛው የእኔ ድርሻ ሆነ። ቃሉን ግን አላቋረጥንም።

መርማሪው ፊት ስንደርስ እግራችን አንድ መስመር ላይ ነው ያረፈው። ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን፤ ከዚያ ቀና አለ።

"በመንገድስ ማን ቀደመ?" ብሎ ፈረሰኛውን ጠየቀው።

የጉናው ሰው ኮረብታው ሥር ጥሎኝ ሲሄድ ዘበኛው አይቷል። ዘበኛው የፈረሱን አንገት አሸት አሸት አደረገ።

"በመንገድም እኩል ነበሩ፣ ጓድ" አለ።

ለምን እንዲህ እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከንፈሩ እንደ እኛው በጾም ደርቆ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ።

"መልሷቸው" አለ መርማሪው።

ወደ ክፍሉ ስንገባ መሪጌታ የደም ዱካውን፣ ከዚያ ትከሻዬን አዩ።

"ማን ቀደመ?"

"ማንም" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ከውሃቸው ለጉናው ሰው እግር ማጠቢያ ሰጡት።

እኔ በክረምቱ ተፈታሁ፤ እሱ ከእኔ ዘግይቶ። መሪጌታ ከዚያ ቤት በሕይወት አልወጡም። ያን ቀን በአቋራጭ የሮጠው የጉናው ሰው ይሁን አይሁን ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሩጫ ሮጬ ብዙ አሸንፌአለሁ፤ ዋንጫዎቹ መደርደሪያዬ ላይ ናቸው፣ የጠየቀኝን ሁሉ አሳያለሁ። እኩል የገባሁበት ሩጫ ግን ያ ብቻ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ አስቀድሜ የማወራውም እሱን ነው። በየዓመቱ ስቅለት ከጉናው ሰው ጋር ጎን ለጎን እንሰግዳለን። ሁለታችንም አርጅተናል። የእሱ ጉልበት ታሟል፤ ሲወርድ ምርኩዙን ይዞ ነው፣ ሲነሣም ይቆያል። የእኔ ጉልበት ደህና ነው። አሁንም ልቀድመው እችላለሁ። ግንባሬን መሬት አስነክቼ፣ ምርኩዙ ሲንቀሳቀስ እስክሰማ እጠብቃለሁ።