ያልተነሳው ሚኒባስ

ጽሑፌ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ሊነበብ ነው! ዜናውን ሰምቼ እየፈነጠዝሁ ስወጣ፣ በሩ ላይ አንድ ባጃጅ አልነሳ ብሎ ያቃስታል። ቤንዚኑ ሲሸተኝ ልጅነቴ መጣብኝ።

ያኔ አባቴ የእርሻ በሬዎቹን ሸጦ የአሮጌ ሚኒባሳችንን ሞተር አሠራ። በማግስቱ ቁልፉን ቢያዞር አልነሳም። ወደ አርብ ገበያ የሚወርዱት ገበያተኞች አህዮቻቸውን አቁመው ቁልቁል ገፉልን፤ ወይ ፍንክች! መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ አየ፣ የቤንዚኑን መስመር ነፋ፣ ከዚያ እጁን ጠረገ።

"ጋሽ ሞላ፣ ሞተሩ እንደገና መውረድ አለበት።"

"በቃ፣ ወደ እርሻዬ ልመለስ" አለ አባቴ።

"በየትኞቹ በሬዎች?" አለች እናቴ።

እኔ የጠፉ መስሎኝ ልፈልጋቸው ተነሳሁ።

ሚኒባሱ ዛሬም ጓሯችን ቆሟል። አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አይለይም። እኔ የምጽፈው የኋላው ወንበር ላይ ነው፤ ኑ፣ ከጎኔ ቦታ አለ።