ዝም ያለው የመልካ ጡሩምባ

ትሕትና ቢሆነኝን ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማያውቃት የለም ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩ የተበላሸበት፣ ስልኩ ውኃ የገባበት፣ ማተሚያው ወረቀት የነከሰበት ሁሉ መናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ሱቋ ይሄዳል። ቀና እንኳ ሳትል «አስቀምጠውና ነገ ና» ትለዋለች። ነገ ሲሄድ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። አፏ ቁጥብ ነው፤ የሆዷን በሆዷ የምትይዝ ሴት ናት። ይኸን ጠባይዋን አገሩ ሁሉ ሲያመሰግንላት ነው የኖረው።

የተወለደችው ከወንዙ ማዶ ባለች መንደር ነው። ወንዙ በበጋ ቁርጭምጭሚት አያርስም፤ ልጆች በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። ክረምት ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ፈረስ ቤት በኩል ባለው ደጋ ላይ ዶፉ ይወርድና፣ እዚህ ታች ፀሐይ ወጥቶ ሰው ልብሱን አጥቦ አስጥቶ ሳለ፣ ውኃው ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ከተፍ ይላል። ስንቱን በልቷል! ትሕትና ስምንተኛ ክፍል ሳለች አብራት የምትማረውን ያምሮትን ከነደብተሯ ወሰዳት፤ አስከሬኗ እንኳ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ትሕትና ያን ወንዝ ባየች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ባሕር ዳር ሄዳ ኮምፒውተር ስትማርም ልቧ እዚያው መሻገሪያው፣ መልካው ላይ ነበር።

ተመርቃ ስትመለስ አንድ የውኃ ፕሮጀክት ደጋው ላይ የወንዙን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ተክሎ ቆይቷል። መሣሪያው ሌት ተቀን ቁጥር ይልካል፤ ሰሚ ግን የለውም፤ ፕሮጀክቱም ዘመኑን ጨርሶ ሊዘጋ ነው። ትሕትና ቁጭ ብላ ፕሮግራም ጻፈች። ከመልካው ማዶ፣ በአባቷ ማሳ ጥግ፣ በፀሐይ ኃይል የምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተርና አንድ ትልቅ ጡሩምባ አቆመች። ላይ ውኃው ሲሞላ ጡሩምባው ታች ይጮኻል፤ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ፕሮግራሙ ግን ብቻውን ምንም አያውቅም። ከላይ የሚመጣው የቁጥር ጋጋታ ነው። የትኛው የውኃው ከፍታ፣ የትኛው የባትሪው ጉልበት እንደሆነ የሚነግረው አንድ የመግለጫ ፋይል አለ። ያን ፋይል የጻፈው መሣሪያውን የሠራው የውጭ ኩባንያ ነው። የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ቴዎፍሎስ በስንብቱ ቀን፣ መልካው ዳር ሽማግሌ በተቀመጠበት፣ ፋይሉን በፍላሽ ሰጣት። «ውሰጂው እህቴ፣ ለሕዝብ ሥሪበት» አላት። አባቷ አያ ቢሆነኝ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና እንደ አገሩ ወግ ጠየቁ፤ «ይኸን የሚቃወም አለ?» ዝም። ደግመው ጠየቁ። ዝም። «እንግዲያው ዝም ካላችሁ ተስማምታችኋል» አሉ፤ ሰዉም «አሜን» አለ። እዚያ አገር የድንበር ጠብ ሳይቀር በዚህ ያልቃል። የፋይሉን ባለቤት ግን የጠየቀው የለም፤ ኩባንያው እዚያ ተቀምጦ ጠላ አልጠጣማ!

ትሕትና ፕሮግራሟንና ፋይሉን ባንድ ጥቅል አሰረች። ማንም ሰው በነጻ ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው የሚፈቅድ ጽሑፍ አናቱ ላይ ለጠፈችና በጎ ፈቃደኞች ከሚያስተዳድሩት የነጻ ሶፍትዌር ማከማቻ አስገባችው። የመልካዋ ኮምፒውተርም አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ራሷ ከማከማቻው እያመጣች እንድትጭን አዘዘቻት። በክረምት ጭቃ ማን ይመላለሳል?

ጡሩምባው ሠራ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ሠራ ልበል! ድሮ ሰው መልካው ጋ ሲደርስ ቆሞ የውኃውን ቀለም ያያል፣ ያሸታል፣ ወደ ደጋው ሰማይ ያንጋጥጣል። ያ ሁሉ ቀረ። ጡሩምባው ከጮኸ ይቆማሉ፣ ዝም ካለ ይሻገራሉ። አያ ቢሆነኝማ በየደረሱበት «ልጄ ወንዙን አፍ አስፈታችው» እያሉ ሲኩራሩ አይጣል ነው። ከጡሩምባው ወዲህ ውኃው ከዚያ መንደር ሰው አልወሰደም።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ በማከማቻው ጥቅሎችን ከሚመረምሩት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ጻፈላት። ጨዋ ሰው ነው። «ፕሮግራሙ ያንቺ ነው፣ ፈቃዱም ግልጽ ነው። የመግለጫ ፋይሉ ግን የማን ነው? ራስጌው ላይ የኩባንያ ስምና ‹መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው› የሚል ቃል አለበት። የሰጠሽ ሰው ሊሰጥሽ ይችላል ወይ?» ይላል። ትሕትና ፋይሉን ከፍታ ራስጌውን አየችው። ቃሉ አለ።

ቴዎፍሎስ ዘንድ ደወለች። «ኧረ እኔ ምን አውቄ! ከመሣሪያው ጋር የመጣ ነው» አላት። ለኩባንያው ጻፈች። ኩባንያው ለሌላ ተሸጧል፤ ለገዛውም ጻፈች። የጻፈችው በአገሯ ወግ ነው፤ «የምትቃወሙ ከሆነ ንገሩኝ። ዝም ካላችሁ እንደ ፈቀዳችሁ እቆጥረዋለሁ።» መልስ የሰጣት የለም። ይኸንኑ ለመርማሪው ነገረችው። እሱም «አዝናለሁ፤ ዝምታ ፈቃድ አይሆንም» ብሎ መለሰላት።

በሱቁ አብሯት የሚሠራው ቸኮለ ነገሩን ሰምቶ ሳቀባት። «አንቺ ደግሞ! ‹ተፈቅዷል› ብለሽ አንድ መስመር ጻፊና ገላግይው። የትኛው ፈረንጅ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥቶ ይጠይቅሻል?»

«ያልተባልሁትን ተባልሁ አልልም» አለችው።

ይኸስ ያስመሰግናታል። ሌላ መንገድም ጀምራ ነበር፤ የኩባንያውን ፋይል ትታ፣ ወንዙ ዳር ሄዳ ውኃውን በእንጨት እየለካች፣ ከሚመጣው ቁጥር ጋር እያስተያየች የራሷን ፋይል ልትጽፍ። ግን ክረምቱን ሁሉ የሚፈጅ ሥራ ነው። ጥፋቷ ለመንደሯ ሰው ትንፍሽ አለማለቷ ነው። ለአባቷ ምን ትበላቸው? በሽማግሌ ፊት የተመረቀው ነገር የሰው ንብረት ሆኖ ተገኘ ትበላቸው? አፈረች። አፍራም ዝም አለች።

ሐምሌ ሲጋመስ፣ በገበያ ዋዜማ፣ መርማሪው እንደገና ጻፈ። ፈቃዱ ያልተገኘለትን ፋይል ከጥቅሉ አውጥተን ሌላውን አስቀርተናል፣ አዲሱ እትምም ወጥቷል አለ። ትሕትና ደነገጠች፤ ወዲያው ደግሞ ራሷን አጽናናች። አባቷ ነገ ከጎታ የተረፈች በቆሏቸውን ጭነው ገበያ ይመጣሉ፤ እንደ ወትሮው ሱቋ ገብተው ያርፋሉ። በስልክ ከምታስደነግጣቸው ያኔ ፊት ለፊት ትነግራቸዋለች። ስልኩን አንስታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። ያችን ኮምፒውተር ራስሽ አምጪ፣ ራስሽ ጫኚ ብላ ያዘዘቻት እሷው መሆኗ ትዝ አላላትም። ኧረ አንቺ ልጅ!

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከተማው ፀሐይ ነው። በደጋው በኩል ግን ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ትሕትና ደጃፏ ላይ ቆማ ስታየው ከፈረስ ቤት የገባው አውቶቡስ ረዳት «ላዩን በረዶ ነው፣ ጉድ ፈላ!» እያለ ወረደ። ትእዛዟ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው። ሮጣ ገብታ የመልካዋን ኮምፒውተር ከሩቅ ከፈተቻት። አዲሱ እትም ጧት ተጭኗል። ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ሁሉ ደኅና ነው የሚለው አረንጓዴ ምልክትም በርቷል። ከደጋው ቁጥር ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ግን የመግለጫ ፋይሉ ስለወጣበት ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ትሕትና ታውቀዋለች። አንደኛው ቁጥር ሽቅብ እየወጣ ነበር።

አባቷ ጋ ደወለች፤ ጥሪ አይቀበልም። ፋይሉን መልሳ ላከችው፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አሰቃያት። መሄዱን ስታይ ሱቁን እንደተከፈተ ጥላ ባጃጅ ውስጥ ገባች። «ንዳው! በማርያም ንዳው!» ትላለች። ወደ መልካው ሲጠጉ ጡሩምባው ሲጮኽ ሰማች። «እሰይ፣ ጮኸ፣ ጮኸ» እያለች አለቀሰች፤ ሾፌሩ ምን እንደሆነች ግራ ገባው።

መልካው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ውኃው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ጭቃና ግንድ ይዞ ይጋልባል። የመንደሯ ሴት እትዬ አቻምየለሽ እስከ ደረታቸው ርሰው ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ትሕትናን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እትዬ፣ አባባስ?» አለች።

«እኔስ ብያቸው ነበር ልጄ» አሉ እትዬ አቻምየለሽ። «‹አያ ቢሆነኝ፣ ደጋው ጠቁሯል፣ እንቆይ› ብያቸው ነበር። ቆመው ጡሩምባውን አዳመጡ፤ ዝም ነው። ‹ክፉ ነገር ቢኖር ልጄ ሳትነግረኝ አትቀርም› አሉና እኔን አስቀድመው፣ አህያዋን እየነዱ ገቡ። እኔ ዳር ስወጣ፣ እሳቸው ገና መካከሉ ላይ ሳሉ ነው የጮኸው፤ ውኃውም አብሮ ደረሰ።»

ጡሩምባው ከማዶ፣ ከአባቷ ማሳ ጥግ ይጮኻል። ሰው ሁሉ ጡሩምባውን ዝም የሚያሰኝ ፈልጎ ነበር፤ ግን ወንዙን ተሻግሮ የሚሄድ አልነበረም።