አዝማቹና መሐላው

የአጎቴን ልጅ ሳየው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ቡታጅራ ውስጥ ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን፣ ለውጭ አገር ዘፋኞች የእንግሊዝኛ ፖፕ ዘፈን የምንሠራ ሁለት ሰዎች ነበርን። ግጥምና ዜማው የኔ፣ ቅንብሩ የሱ። ባሕር አይተን ሳናውቅ ስለ ባሕር ዳርቻ ፍቅር ስንቱን ፈበረክን!

አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ እሱ ወንበሩ ላይ ተጋደመ፤ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ስንት ጊዜ እምቢ ያለኝን አዝማች አገኘሁት። አሁን ይወርዳል ሲሉት መጨረሻው ላይ ሽቅብ የሚንጠለጠል ነገር ነው። ደጋግሜ አንጎራጎርኩለት።

"መብራት ሲመጣ እንቀዳዋለን" አለኝና ወደ ቤቴ ሄድኩ። መብራት መጣ። ብቻውን ቀዳው፤ የዜማ ደራሲ በሚለው ቦታ የራሱን ስም ጽፎ ላከው።

ስጠይቀው ጭራሽ "ከኔ ሰምተሽ ነው" አለኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እኔ ደግሞ ማስረጃ የለኝም። ጠባችን ዘመድ ሊለያይ ሲል የትውልድ ቀያችን አገና፣ አያታችን ደጅ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ።

ሁለታችንንም ሲሰሙ ውለው ትልቁ ሽማግሌ ወደሱ ዞሩ። "በል እንግዲህ፣ የልጅህን እጅ ይዘህ ማል። ከማልክ ያንተ ነው፤ እሷም ሁለተኛ አታነሳውም።"

አይደፍርም ብዬ ነበር። በሐሰት የማለ ሰው ዕዳው ልጁ ላይ ይወርዳል ሲባል እየሰማን ነው አብረን ያደግነው። ዓይን ያወጣ ሌባ፣ ብድግ አለ! ትንሿን ልጁን ከእናቷ ጉያ ጎትቶ እጇን ያዘ። ልጅቷ በሌላ እጇ ሸንኮራ አገዳ ይዛ ትመጥ ነበር።

"ተወው፤ ውሰደው" አልኩ።

"አያችሁ? ውሸቷን ስለሆነ ፈራች!" አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ጥርሴን ነክሼ አሜን አልኩ።

ዘፈኑ ወጣ። ወልቂጤ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ይከፍቱታል፤ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ጥሩ ሠራሁ ብዬ አልኮፈስም፤ ብድግ ብለሽ በጥፊ አጩዪው የሚለኝ ቀን ይበዛል።

ባለፈው መስቀል አያታችን ቤት ተሰብስበን ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ አዝማቹን ዘፈነችልኝ። መጨረሻውን ልክ እኔ እንዳንጠለጠልኩት አንጠለጠለችው።

"ማን አስተማረሽ?"

"አባዬ። እሱ እኮ ነው የሠራው። አክስቴ፣ አንቺም እንደሱ መሥራት ትችያለሽ?"

አባቷ ክትፎውን ትቶ ቀና አለ።

"እኔማ ምን እችላለሁ" አልኳት፣ ዓይኔን ከሱ ሳልነቅል።