ላምባ ይዤ አውሮፕላን ልጠግን የሄድኩበት ቅዳሜ

ግሪስሃይም፣ ጀርመን፣ ሊነጋ ሲል

ሱብሂን ሰግጄ ሳበቃ ልጄ ሃያት ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ ቆማለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መኪና ጠጋኝ ናት። መኪና አልበቃት ብሎ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ አዛውንት መሐንዲስ ጋር ሆና አውሮፕላን ሠርታለች። በእጃቸው፣ ብሎን በብሎን፤ ሁለት ሰው የሚይዝ።

«ማማ፣ ኮምስት ዱ?»

«መጣሁ። አታጣድፊኝ፤ የምትበሪው አንቺ እንጂ ባቡሩ አይደለም።»

እውነቱን ልናገር። የምሄደው እሺ ልል አልነበረም። አውሮፕላኑን አምና አንድ ልምድ ያለው አብራሪ ሞክሮት ወረቀቱ አልቋል፤ እሷም ፈቃድ አላት። የቀረው ብቻዋን ይዛው መነሳት ነው። እና «ያላንቺ ምርቃት አልነሳም» ብላኛለች። እኔም በሆዴ «እንግዲያው አትነሺም» ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት። የትልቁ ኤርፖርት አውሮፕላኖች ቀኑን ሙሉ ጣሪያችን ላይ ያልፋሉ፤ ባለፉ ቁጥር ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ዱዓ የማደርግ ሴት ነኝ። የራሴን ልጅ እንዴት ልጨምርበት?

ደግሞ ሰበብ አግኝቻለሁ። ሐሙስ ከሥራ ስገባ በስልክ «ላምዳ ዞንደው ሞቷል፣ ያለሱ አልበርም» ስትል ሰማኋት። እኔ የሰማሁት ግን «ላምባ» ብላ ነው። ዞንደን ደግሞ አውቃታለሁ። የማጸዳበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ መዋጥ ላቃታቸው ሰዎች ባፍንጫ የምትገባው የምግብ ቱቦ ናት። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ፦ ሞተሩ ላምባ መዋጥ አቅቶት በቱቦ ሊመግቡት ነው! መዋጥ ያቃተው ሞተር ላይ ልጄን አስቀምጬ ልመርቅ?

እናት ግን እናት ነች። እምቢ ብላኝ ብትነሳስ፣ መሐል ሰማይ ላይ ላምባው ቢያልቅባትስ ብዬ አንድ ጠርሙስ የፋኖስ ላምባ ገዛሁና ዘንቢሌ ውስጥ ለመንገድ ከያዝኩት ጭኮ ሥር ሸሸግሁት።

ዋናው ባቡር ጣቢያ

ኤስ-ባን የሚሉትን የከተማ ባቡር ልንቀይር ምድር ቤቱ ወረድን። ሰሌዳው ላይ «ፌርሽፔቱንግ» ይላል፤ ዘግይቷል ማለት ነው። ይቺን ቃል ጀርመን ከገባሁ ጀምሮ ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብ ችያለሁ። ከጭፈራ የሚመለሱ ልጆች አግዳሚው ላይ ተደጋግፈው ተኝተዋል፤ አንዷ ጫማዋን እጇ ላይ አጥልቃዋለች። ከነሱ ጎን አንድ ሰውዬ ሙሉ ባልዲ ጽጌረዳ ታቅፎ ቆሟል።

«መሬት ለመሬት የሚሄደው ይኼን ያህል ከተበላሸ፣ ሰማይ ላይ ያለውማ» አልኳት።

«ማማ፣ ሰማይ ላይ የባቡር መብራት የለም።»

«እሱ ነው እኮ የሚያስፈራኝ!»

ሮደልሃይም

መሐንዲሱ ጋሽ ታደሰ ጣቢያው ፊት ለፊት አሮጌ መኪናቸውን አቁመው ይጠብቁናል። በተማሪነት መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ጡረታ ከወጡም ሰባት ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ከጣቢያው ዳቦ ቤት ብሬጸል የሚሉትን ጨዋማ ዳቦ ሦስት ትኩስ ገዝተዋል፤ አንዱ ጠፍቷል፤ ጢማቸው ላይ ጨው አለ።

«ፋጤ፣ እንኳን መጣሽ! ዛሬ ልጅሽን ታያታለሽ።»

«አይቻታለሁ ጋሼ፤ ወልጃት የለም?»

የመኪናው መስተዋት ላይ የማርያም ሥዕል ተንጠልጥላለች። እኔ ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። «አሁን በሁለት ወገን ተጠበቅን» ብለው ሞተር አስነሱ።

ታውኑስ ተራራ ሥር

ሜዳው ሁሉ ቢጫ አበባ ነው። መንደሮቹ ትንንሽ፣ ጣሪያቸው ቀይ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር ሽማግሌ ብቻ የሚታይባቸው። አንድ ማደያ ገብተን ሃያት በሁለት ጀሪካን የመኪና ቤንዚን ቀዳች።

«የአውሮፕላኑ ቤንዚን ሜዳው ላይ የለም እንዴ?»

«አለ ማማ። ግን እርሳስ አለበት። አምና ያ አብራሪ ሌላ ሜዳ ላይ እሱን ሞልቶበት ነው ዞንደው የታመመው።»

እኔ አራተኛ ክፍል ሳቋርጥ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረችው ቢጫ እርሳስ ትዝ አለችኝ። «ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የሚጨምር ምን ዓይነት ባለጌ ነው?» ብል ጋሽ ታደሰ መታጠፊያውን እስኪስቱት ሳቁ። «የሚጻፍበት አይደለም ፋጤ፤ ማዕድኑ ነው፣ ማዕድኑ!» ሌላ አራት ኪሎ ሜትር ዞርን።

ሜዳው፣ ረፋድ ላይ

ሣር ነው። በቃ ሣር፤ ዳሩ ላይ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን፣ እንጨት ላይ የተሰቀለ የፒጃማ እግር የመሰለ የነፋስ ማሳያ። የመጋዘኑን በር ሲገፉት አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው» አለች ሃያት፣ ፊቷ እየበራ።

«የቀረውስ?»

አኮረፈችኝ። ለመታረቅ ብዬ ጠርሙሴን ከዘንቢሉ አወጣሁ። «በሉ ይኸው፣ ለዞንደው። ላምባው ጥሩ ነው፤ ጭስ የለውም ብሎኛል ሻጩ።»

ሃያት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግን ክንፉን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ስቀው ሲጨርሱ ግን እንዲህ አስረዱኝ፦ ላምዳ የግሪክ ፊደል ስም ናት። ዞንደው ደግሞ የሞተሩ አፍንጫ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ተሰክቶ ጭሱን ያሸታል፤ ምን ያህል ኦክስጅን እንደተረፈ እያየ ቤንዚን በዛ ወይ አነሰ ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ይኼኛው ታሞ «አነሰ፣ አነሰ» ብቻ ይላል፤ ሞተሩም ሳያስፈልገው ቤንዚን ይጠጣል።

«ጉንፋን ይዞታላ» አልኩ።

«በትክክል!» አሉ። ከዚያ በኋላ ላምዳም ዞንደም ያለ የለም፤ አፍንጫው አፍንጫው ሆነ።

ሃያት የሞተሩን ክዳን ከፈተች። ሽቦው እንዲያልፍ ጎኑ የተሰነጠቀ መፍቻ አላት። አስገብታ ገፋች፤ እምቢ። እኔ ብሆን በመዶሻ ነበር። እሷ ግን የሚያላቅቅ ዘይት ረጨችበትና «እንጠብቀው» አለች። ጭኮ በላን። ጋሽ ታደሰ ሦስቴ አነሱ፤ «ለሞተሩ ነው የምጠብቀው» እያሉ።

ሁለተኛ ስትሞክረው በቀስታ ተፈታ። ጫፉ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነገር ነጭ ግራጫ ለብሷል። አዲሱ ከካርቶኑ ሲወጣ ያብረቀርቃል፣ ጣት ታክላለች። ይቺ ናት እንግዲህ ልጄን ይዛ የምትወጣው ብዬ አነሳኋትና፣ እኛ ወሎ ሽማግሌዎች እንደሚመርቁት ቢስሚላህ ብዬ እት...

«ናይን ማማ!» መዳፏን አፌ ላይ አደረገችው። «አፍንጫው ላይ እንዳትተፊበት!»

«ልመርቀው ነው እንጂ!»

«እሱን አይደለም» አለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «እሱ መርጠብ አይወድም።» ከእጄ ወሰደችው።

የብሎን ጥርሱን ብቻ ትንሽ ቅባት ቀባችው፤ ጫፉን አልነካችም። አስገብታ በሚለካ መፍቻ «ቀጭ» እስኪል አጠበቀችው። ሽቦውን ከሚግለው ቧንቧ አርቃ አሰረችው። አውሮፕላኑ ወጥቶ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ እንጨት ተደርጎ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሣሩ ሁሉ ተኛ፤ ሻሽዬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ወዲያው አጠፋችው። ሃያት ጭንቅላቷን አወጣች። «የአፍንጫው ቁጥር አይንቀሳቀስም። አልሶ፣ እንግዲህ ዛሬ ላልነሳ እችላለሁ።»

ማንም አልከለከላትም። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ የምፈልገውም ይኼንኑ ነበር። እሷ ግን ራሷ አጥፍታ ወረደችና ሽቦውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጣቷ እየነካች ተከተለችው። የሽቦው መሰኪያ እስከ መጨረሻው አልገባም ነበር። ስትገፋው «ጠቅ» አለ። እንደገና ተነሳ፤ ቁጥሩ አሁን እንደ ልብ ትርታ ከፍ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ነው ሆዴ ውስጥ የነበረው «አትነሺም» የላላው። ራሷን እምቢ ማለት ታውቃለች፤ ከዚህ በላይ ምን አስተምራታለሁ?

ጋሽ ታደሰ ወረቀት አወጡ። አንድ በአንድ ያነባሉ፤ እሷ ትነካለች፣ ትመልሳለች፤ እሳቸው ምልክት ያደርጋሉ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ እስክርቢቷቸውን ከወረቀቱ አነሱ።

«ምነው ጋሼ?»

«ይኼ የኔ አይደለም» ብለው ወረቀቱን አዞሩልኝ። በእጅ የተጻፈ ነው፤ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ማ። ማ። አጠገቡ ባዶ ሳጥን።

ሃያት አንገቷን ሰብራ ፊቴ ቆመች። አፌን ከፈትኩ፤ ምራቅ የለም። ከፍርሃት ብዛት አፌ ደርቆ ቆዳ ሆኗል! «እ... እ...»

«ኮምፒውተሩ ቆመ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ የአፕል ጭማቂያቸውን እያቀበሉኝ። ተጎነጨሁ።

«ወጥተሽ ግቢልኝ። ሰማዩ እንደ መሬት ይሁንልሽ። ያነሳሽ ያውርድሽ። እትፍ! እትፍ!»

ጭማቂው በዝቶ ነበር መሰለኝ፣ ግንባሯ ላይ ወረደ። አልጠረገችውም። ጋሽ ታደሰ ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረጉ።

ከዚያ ያለውን እንዴት ልጻፈው? ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ነጩ ነገር ከዛፎቹ በላይ ነው፤ ትንሽ፣ ከዚያ በጣም ትንሽ። ሦስት ጊዜ ዞርን። ዞረች ማለቴ ነው፤ እኔም መሬት ላይ አብሬያት ስለዞርኩ ነው። የጋሼን ክንድ ጨብጬ፣ «ፋጤ፣ ይኼኛው ክንዴ እንኳ መለዋወጫ የለውም» እስኪሉ። ጎማዋ ሣሩን ነክቶ አንዴ ነጥሮ ሲቀመጥ እልልታዬ መጋዘኑ ውስጥ ያንቀላፋውን ድመት አስወጣው።

ግሪስሃይም፣ ማምሻውን

ኤስ-ባን ላይ ሃያት ትከሻዬን ተደግፋ ተኛች። ግንባሯ ላይ የደረቀችው ጭማቂ አሁንም ታበራለች። አሮጌው አፍንጫ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ለማስታወሻ ብዬ ለምኜ የወሰድኩት። ላምባዬም ሳይከፈት አብሮኝ ተመልሷል።

ከጣቢያው ወጥተን ስንሄድ አንድ ትልቅ አውሮፕላን መብራቱን አብርቶ በላያችን አለፈ። እንደ ልማዴ ቆምኩ።

«ማማ፣ ምን ታያለሽ?»

«ያቺን የሚያበርራት ልጅ እናቱ መርቃው ይሆን?»

ሃያት ሳቀች። «ባትመርቀውስ?»

«እኔ አለሁ» አልኩ። «እትፍ!»